ምሳው የሚበላው የት ነው? ከባቱ የወይን ማሳ እስከ መንዝ የገብስ ማሳ

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ባቱ የሚወርደው መንገደኛ ድሮ የሚያስበው ስለ ሐይቁና ስለ ቆሮሶ ጥብሱ ነበር። አሁን ሌላ ምክንያትም ተጨምሯል። ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ በምንላት በዚህች ከተማ ዳርቻ የካስቴል የወይን እርሻ አለ፤ የአስጎብኚ ድርጅቶችም በቀን ጉዞ ዝርዝራቸው ውስጥ አስገብተውታል። እንግዳው በረድፍ የተተከለውን ወይን ያያል፣ ስለ ገረዛውና ስለ ለቀማው ይሰማል፣ በርሜሎቹ የተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፣ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል፣ ከዚያ ምሳውን በልቶ ማታ ቤቱ ይገባል። የሄደበት መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን የቀን ጉዞ ልማድ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የሰሜን ሸዋን ደጋ፣ በተለይም መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን እያሰብኩ ልመረምረው እፈልጋለሁ። ባቱ ላይ የተሠራው ነገር ወይን ማምረት ብቻ አይደለም። አምራቹ እንግዳውን ደጁ ድረስ አስመጥቶ፣ ምርቱን በራሱ ገበታ ላይ አቅምሶ፣ ገንዘቡን እዚያው ያስቀራል። መንዝ ማሳው አለው፣ መጠጡ አለው፣ ታሪኩም እንግዳውም አለው። የጎደለው ገበታው ነው።

ባቱ እዚህ የደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድሞ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ወደ ወይን እንዲገባ ሐሳቡን ያቀረቡት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ናቸው። ከ120 ሄክታር ባላነሰ አሸዋማ መሬት ላይ ከፈረንሳይ የመጡ የሜርሎ፣ የሲራ፣ የካበርኔ ሶቪኞንና የሻርዶኔ ተክሎች ተተከሉ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ በዙሪያው ቦይ ተቆፈረ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች፣ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚል ስም ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ወጡ፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርትም 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ ያህል ነበር። ከዚያ በፊት የአገራችን ጠጪ የሚያውቀው በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚመረቱትን ጉደርን፣ አክሱማይትንና ከሚላን ነበር። እነዚህ በሠርግና በበዓል የማይታጡ መጠጦች ናቸው። ሆኖም ወይኑ የበቀለበትን መሬት ሄዶ ላይ ያለ ጠጪ ጥቂት ነበር፤ ጠርሙሱን እንጂ ማሳውን አናውቀውም ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ለመጠጥ አምራቾች ደንበኛን ፊት ለፊት ማግኘት ይበልጥ ዋጋ ያለው ነገር ሆነ። ማሳውን የጎበኘ ሰው ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲያይ የሚያስታውሰው አፈሩን ነው።

ይህ መንገድ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በስቴለንቦሽ እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት ገበሬዎች፣ ፍራንስ ማላን፣ ስፓትስ ስፐርሊንግና ኒል ጁበርት፣ ፈረንሳይ አገር የታየውን አሠራር ወስደው እርሻዎቻቸውን በአንድ የጉብኝት መስመር አገናኙ። ዛሬ ኬፕታውን ከሚሄዱት ቱሪስቶች ብዙዎቹ አንድ ቀናቸውን ለዚያ ይሰጣሉ። ወይኑ ከዚያ በፊትም ይመረት ነበር። እነርሱ የጨመሩት በር መክፈትን፣ ማስተናገድንና ምሳን ነው። ቅምሻው ሰውን ይስባል፤ ያስቀመጠው፣ ያስበላው፣ ለጎረቤቱ የአይብና የዳቦ ገበያ የፈጠረለት ግን ምሳው ነው።

እንግዲህ መንዝ ወይን ይተከል? ይህን ጥያቄ ከዳያስፖራ ከሚመለሱ ወንድሞችም፣ በልማት ጉዳይ ከሚቆረቆሩ ሰዎችም ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሴ ለመንዝ አይሆንም የሚል ነው። መሐል ሜዳና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከዚያ ከፍታ በላይ ወይን የሚያለሙ ቦታዎች በአርጀንቲና ሳልታና በቲቤት አሉ፤ እነዚያ ግን ዝናብ እምብዛም የማያውቁ፣ በመስኖ የሚኖሩ ደረቅ ተራሮች ናቸው። መንዝ ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብና በጭጋግ ትዋጣለች፤ በረዶው ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ይመጣል። እርጥበቱ ቅጠሉን በሻጋታ በሽታ ያጠቃዋል፣ ውርጩ ለጋውን ቀንበጥ ያቃጥለዋል። ገብስ የሚችለውን ወይን አይችልም።

መርሐቤቴ ሌላ ነው። ከሙከ ጡሪ ተነስቶ በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን ያቋርጣል። በዚያ ቁልቁለት መካከል ከባቱ ከፍታ ጋር የሚስተካከል ቦታ አለ፤ ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነች። የበጋው ፀሐይም ረጅምና ደረቅ ነው። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ወይን አያበቅልም። መስኖ ያስፈልጋል፣ የሚገርዘው እጅ መሠልጠን አለበት፤ በእኛ ዓይነት አየር ብርድ ተክሉን ስለማያስተኛው የምርቱን ወቅት የሚወስነው ገረዛው ነው። ተክሉ ፍሬ እስኪሰጥ ደግሞ ሦስት ዓመት ያህል ይጠብቃል። ግማሽ ሄክታር ማሳ ያለው የመርሐቤቴ ገበሬ ያችን መሬት ሦስት ዓመት ያለ ጤፍና ያለ ማሽላ እንዲያሳድር መጠየቅ ከባድ ነገር ነው። ካስቴል ያን ያህል መጠበቅ የቻለው ከጀርባው የቢራ ገበያ ስለነበረው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን አንድ ገበያ ላንሳ። ወይን ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም፤ በየቀኑ ይፈለጋል። ቅዳሴ በሚቀደስበት ደብር ሁሉ ለሥጋ ወደሙ የሚሆነው ዘቢብ በቤተ ልሔም ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ ከዘቢብ የሚጨመቅ የቁርባን ወይን አይቶ ጽፏል። በጣና ምሥራቅ በይፋግ አካባቢም ለዘመናት ወይን ይበቅል ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በተክል በሽታ ተመናመነ። ዛሬ የገጠሩ ደብር ዘቢብ የሚገዛው ከከተማ ሱቅ ነው። የጀማ ሸለቆ ወይን የሚሞከርበት ከሆነ የመጀመሪያው ገዢ ቱሪስት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ብትሆን ይሻላል እላለሁ። ዘቢብ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ የበጋ ፀሐይ፣ ንጹሕ የማድረቂያ አልጋና ታማኝ እጅ ይበቁታል። ብርጭቆና ጠርሙስ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ወደ መንዝ ልመለስ፤ ዋናው ነገሬ እዚያ ነው።

የጓሳን ሣር ምድር የማያውቅ የተፈጥሮ ወዳጅ በአገራችን ጥቂት ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ሲሆን ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሕዝቡ ራሱ የጠበቀው መሆኑ ነው። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የመንዝ ሰዎች ጓሳውን ለዓመታት ዘግተው፣ በተወሰነ ጊዜ ከፍተው፣ ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ ከ400 ዓመት በላይ ኖሮ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲናጋ፣ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ የአማራ ክልልም በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አውቆታል። ሎጅም ተሠርቶለታል፤ የማኅበረሰቡ ነው።

ታዲያ ወደዚያ ሎጅ የሚሄድ እንግዳ የሚነገረው ምንድን ነው? ምግብህን ይዘህ ሂድ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ፓስታውን፣ ቆርቆሮ ቱናውን፣ ውኃውንና ቢራውን ጭኖ ይወጣል። በአገራችን ከታወቁት የበግ ዝርያዎች አንዱ በሚረባበት፣ ገብስ፣ ባቄላና ተልባ በሚመረትበት አገር እንግዳው የከተማ ፓስታ ቀቅሎ በልቶ ይመለሳል። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለአልጋ የከፈለው ገንዘብ ለማኅበረሰቡ ይደርሳል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሆዱ ያወጣው ግን ገና ከቤቱ ሳይወጣ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቀርቷል። ባቱና መንዝ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

በገብሱም የሆነው ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ባለፉት አሥር ዓመታት የቢራ ከተማ ሆናለች፦ ሐበሻ ቢራ እዚያ አለ፣ የዳሸን ሁለተኛው ፋብሪካም እዚያ ነው፣ መቀመጫውን ቤልጂየም ያደረገው ቡርትማልትም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የብቅል ፋብሪካ ተክሏል። ይህ ለደጋው ገበሬ ገበያ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። የደጋው ገብስ ግን ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ስሙን ያጣል። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመረተው ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። ስም ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ በቡናችን አይተነዋል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስምምነት የደረሰችው በስም ምክንያት ነበር። ጠጃችንም እንዲሁ ነው፤ ኒው ዮርክ ግዛት ያለው ብራዘርሁድ የተባለ አሮጌ የወይን ጠማቂ ሸባ ጠጅ ብሎ በጠርሙስ አሽጎ ሸጦታል። የእኛ ሰው ውጭ አገር ሆኖ የሚገዛው ጠጅ የአሜሪካን የወይን መንደር አድራሻ ይዞ ሲወጣ፣ የመንዝ እናት የጠመቀችው ጠላ ከጓዳዋ አልፎ አድራሻ የለውም።

ስለዚህ ጠላው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋልና። በሸዋ ነገሥታት ዘመን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ የገበሬው ጠላ ነው። የመንዝ ጠላ ሥራ ሳምንታት ይፈጃል። ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ በእንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ይጠነሰሳል፤ ኪታው ይገባል፤ አሻሮው እስኪጠቁር ታምሶ ይጨመራል፤ ይደፈደፋል። ከዚያ ከአንድ ጋን የሚወጣው መጠጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ገና ያልጠራው ጉሽ አለ፣ ወፍራምና ለስላሳ። የጠራው ጠላ አለ፣ ጌሾው ምሬቱን፣ አሻሮው የተቃጠለ ገብስ ጣዕሙን፣ ጋኑ የጭሱን ሽታ የሰጡት። በመጨረሻ ውኃ ተጨምሮ የሚወርደው ቅራሪ አለ፣ ልጅም አዛውንትም የሚጠጡት ቀላል መጠጥ። በባቱ እንግዳው ነጩን፣ ሮዜውንና ቀዩን በተርታ ሲቀምስ የሚማረውን፣ እዚህ ከአንድ እናት ጋን ይማራል። የትኛው ገብስ ለብቅል እንደሚመረጥ፣ ጌሾው ከየት እንደመጣ፣ ጋኑ በምን እንደታጠነ የምትነግረው እርሷ ናት። ያን ዕውቀት የያዘ መጽሐፍ የለም።

ዛሬ የጠላ ቤት ምልክት እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። የሚያነበው የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ጠማቂዋ ለአንድ ጣሳ የምታገኘው ከእህሉና ከማገዶው ወጪ ብዙም አይዘልም፤ የእርሷ ድካም ዋጋ አይወጣለትም። ያንኑ ሦስት ዓይነት መጠጥ በትንንሽ ዋንጫ፣ ከቆሎና ከዳቦ ጋር፣ ከማብራሪያ ጋር ለእንግዳ ስታቀርብ ግን ከሚከፈላት ውስጥ ትልቁ የዕውቀቷ ዋጋ ይሆናል። ጠላው ያነሰ፣ ገቢው የበዛ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለማገዶውም እፎይታ ነው፤ ደን በጠፋበት ደጋ ላይ ብዙ ጋን ከመጣል ጥቂት ጋን በጥሩ ዋጋ መሸጥ ይሻላል።

አረቄን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። በየቤቱ የሚወጣው አረቄ ኃይሉ አይለካም፤ በተለይ ዳግም አረቄ እጅግ ብርቱ ነው፤ ማውጣቱ ላይ ጉድለት ካለ ጤና ይጎዳል። መንደሮቻችን ውስጥ ያፈረሳቸውን ቤቶች ሁላችንም እናውቃለን። ለእንግዳ ገበታ ከመቅረቡ በፊት የሚለካበትና የሚመረመርበት መንገድ መኖር አለበት፤ ያ እስኪሆን ከቅምሻው ቢወጣ እመርጣለሁ። የወይን ጠርሙስ ላይ የአልኮል መጠኑ የሚጻፈው ጠጪውን ለመጠበቅ ነው፤ የእኛም እንግዳ፣ የእኛም ጎረቤት፣ ያው ጥበቃ ይገባዋል።

የርቀቱን ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ባቱ በቀን ደርሶ መልስ ናት። ጓሳ ግን ከአዲስ አበባ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ የቀን ጉዞ አይደለም። ስለዚህ የመንዝ የመጀመሪያ የቀን እንግዳ መሆን ያለበት የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ደመወዝተኛ የበዛባት ሆናለች፤ ቅዳሜና እሑድ የሚሄድበት የሚፈልግ ብዙ ወጣት አለ። የአዲስ አበባው እንግዳ አድሮ የሚሄድ ይሁን። መርሐቤቴ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኗ፣ የጀማን ገደል እያየ በጠዋት ለሚነሳ ሰው ረጅም ቢሆንም የአንድ ቀን መንገድ ትሆናለች።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለንበትን ጊዜ አልረሳሁም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና የደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ብዙ ቤት አፍርሷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም በክልሉ የተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋን ከሁሉ ይበልጥ ካቆሰላቸው አካባቢዎች አንዱ አድርጎታል። በጓሳ እንግዳ እየመራ ልጆቹን ያስተምር የነበረ ሰው ሥራ ፈትቷል። በግ አርቢው ገበያ ለመድረስ ይፈራል። ልጅ ከትምህርት ቤት ርቋል። በዚህ ሁኔታ ስለ ቅምሻና ስለ ምሳ መጻፍ ቀላልነት የሚመስለው ሰው ካለ እረዳዋለሁ፤ ግን አልስማማም። ቱሪዝም ሲቆም የጎዳው ሆቴል ብቻ እንዳልሆነ፣ ጓሳውን ለመጠበቅ የቆመው ማኅበረሰብም ከገቢው መለየቱን ማየት አለብን። ከጓሳ ገቢ ያላገኘ ገበሬ ጓሳውን እንዲያርሰው የሚገፋው ነገር እየበዛ ይሄዳል።

ሰላሙ ሲመጣ ደግሞ የሚቀድመው ማን እንደሚሆን አስባለሁ። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ካፒታል ያለው የውጭ ሰው ነው፤ መሬት ይከራያል፣ ሪዞርት ይሠራል፣ የአካባቢውን ሴቶች አልጋ እንዲያነጥፉ ይቀጥራል። ባቱ ላይ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የወይኑ ዕውቀት ከውጭ የመጣ ነበርና። መንዝ ላይ ግን ዕውቀቱ እዚያው ያለው ጠማቂዋ ጋር ነው። መሣሪያው ጋንና እንስራ፣ ጥሬ ዕቃው በማሳው ላይ ያለ ገብስ ነው። ሎጁ የማኅበረሰቡ፣ ጓሳውም የማኅበረሰቡ ነው። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከአርቢዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመንዝን በግ በገበሬው እጅ የማሻሻል ሥራ ሲሠራ እንደታየው፣ ገበሬው ራሱ የሚመርጥበትና የሚወስንበት ማኅበር እዚያ አገር ይሠራል። ለበጉ የሆነው ለገበታው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ገበታው ምን ይሁን የሚለውም መልስ አለው። የጾም ቀን ከሆነ፣ እንደ አገራችን ልማድ ረቡዕና ዓርብ፣ የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ፣ ተልባ፣ የተቆላ ባቄላና በሶ። የፍስክ ቀን ከሆነ የመንዝ በግ፣ ጥብሱና ዱለቱ። ጠላው ከጋኑ ሲቀዳ የጠመቀችው እናት አብራ ትቀመጥ፤ ዋጋውን እርሷና ማኅበሯ ይወስኑ፤ የሎጁ ማድቤትም ለእነርሱ በየተራ ይከፈት። ለዚህ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ ማብሰያ ምድጃ፣ የጤና ቢሮ ምርመራና እንግዳውን ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ በሰላም የሚያደርስ መንገድ ነው።